ሬዚን በልኩ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ግራም ነው። በፋይበርግላስ ሥራ በብዛት ከሚገኙት የብርጭቆ ፈትሎች አንዱ፣ ኪሎ ሜትሩ 2400 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሜትሩ 2.4 ግራም ማለት ነው። ይህ ፈትል ሬዚን የተባለውን ማያያዣ ፈሳሽ ጠጥቶ በሚሽከረከር ሻጋታ ላይ ሲጠመጠም፣ ለቧንቧ ወይም ለታንከር ግድግዳ በሚስማማው ልክ፣ እያንዳንዱ ሜትር ይዞት መሄድ ያለበት ሬዚን አንድ ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ግራም ብቻ ከያዘ፣ በፈትሉ ውስጥ ሬዚን ያልደረሰው ደረቅ ቦታ ይቀራል። አንድ ግራም ተኩል ከያዘ ደግሞ ለጥንካሬው የማይረዳ ክብደት ተሸክመናል፤ ግድግዳውም ሲደርቅ ለመሰንጠቅ የቀረበ ይሆናል። አሥር ፈትል ጎን ለጎን ይዞ በደቂቃ 30 ሜትር የሚጠመጥም ማሽን በአንድ ሰዓት 18,000 ሜትር ፈትል ያሳልፋል። ያቺ አንድ ግራም 18,000 ጊዜ ትክክል መሆን አለባት።

የማምንበትን ከመነሻው ልናገር። የሬዚን ልክ የሚጠበቀው ፈትሉ ሻጋታውን ከመንካቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የምናደርገው መጭመቅ፣ መጥረግና ማጠንጠን ሁሉ ማረሚያ ነው፤ ማረሚያ ደግሞ የጠፋውን በሙሉ አይመልስም። ዛሬ የምደክመው ይህን ላሳያችሁ ነው።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ፣ ጥምጠማ ማለት ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። የፋይበር ፈትል ከመደርደሪያ ላይ ካሉ ጥቅልሎች ይሳባል፤ ሬዚን በያዘ ገንዳ ያልፋል፤ ከዚያም ወዲያና ወዲህ በሚመላለስ መሪ በኩል በሚሽከረከረው ሻጋታ ላይ፣ በተወሰነለት ማዕዘን እየተደረበ ይጠመጠማል። ሬዚኑ ሲጠነክር ሻጋታው ይወጣል፤ ወይም እንደ ጋዝ ሲሊንደር ባሉ ሥራዎች የውስጥ ሽፋን ሆኖ እዚያው ይቀራል። የፍሳሽና የኬሚካል ቧንቧ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጀርባቸው የሚያዝሉት የአየር ሲሊንደር፣ የሮኬት ቀፎ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሚሳኤል፣ ፖላሪስ ኤ-3፣ ሁለቱም የሞተር ቀፎዎቹ ከብርጭቆ ፋይበር የተጠመጠሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለሽያጭ የቀረበችው መኪና ቶዮታ ሚራይ ደግሞ ሃይድሮጅኗን የምትይዘው በካርቦን ፋይበር በተጠመጠመ ታንክ ውስጥ፣ በ700 ባር ግፊት ነው። ይህ ከአንድ የቤት መኪና ጎማ ግፊት 300 እጥፍ ገደማ ነው።

እንዲህ ያለውን ኃይል የሚሸከመው ፋይበሩ ነው። ሬዚኑ ብቻውን ደካማ ነው። ታዲያ ለምን ሬዚን ያስፈልጋል? አንዷ የካርቦን ቃጫ ውፍረቷ ከ5 እስከ 7 ማይክሮሜትር ነው፤ የሰው ጠጉር አሥር እጥፍ ያህል ይበልጣታል። በአንድ የተለመደ የካርቦን ፈትል ውስጥ 12,000 እንዲህ ያሉ ቃጫዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዷ ብትበጠስ የእሷን ሸክም ለጎረቤቶቿ የሚያደርሰው፣ ስትጨመቅ እንዳትታጠፍ ከጎን የሚደግፋት፣ ከእርጥበትና ከኬሚካል የሚከላከላት ሬዚኑ ነው። ቤት በጭቃ የመረገ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጭቃው ከጭዱ ሲበዛ ግድግዳው ይሰነጣጠቃል፣ ጭዱ ከጭቃው ሲበዛ ደግሞ አይያያዝም፣ ይረግፋል።

ልኩ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ጂኦሜትሪ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጠናል። ክብ ቃጫዎችን እንደ ማር እንጀራ ቀፎ በስድስት ጎን ብንደረድራቸውና ሁሉም ቢነካኩ፣ ከጠቅላላው ይዘት 90.7 በመቶውን ይሞላሉ። በአራት ማዕዘን ብንደረድራቸው 78.5 በመቶ። እነዚህ በወረቀት ላይ ያሉ ጣሪያዎች ናቸው። ቃጫ ከቃጫ ከተነካካ በመካከላቸው ሬዚን የለም ማለት ነውና ማንም ወደዚያ መድረስ አይፈልግም። በጥሩ ጥምጠማ ውስጥ ፋይበሩ ከይዘቱ 60 በመቶ ገደማ ይይዛል፤ ለቧንቧና ለታንከር ሲሆን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በክብደትና በይዘት መካከል ያለውን ልዩነት አታምታቱ። የብርጭቆ ፋይበር እፍግታው በሴንቲ ሜትር ኩብ 2.55 ግራም ገደማ ነው፤ የደረቀ ኢፖክሲ ሬዚን 1.2። ስለዚህ በክብደት 70 በመቶ ብርጭቆ የሆነ ግድግዳ በይዘት 52 በመቶ ብቻ ነው። የካርቦን እፍግታ ደግሞ 1.8 ነው፤ በካርቦን ሥራ በክብደት 70 በመቶ ፋይበር ስንል በይዘት ከ60 በመቶ ብዙም አይርቅም። አንዱን ቁጥር ከአንዱ ፋይበር ወደ ሌላው ዝም ብሎ መገልበጥ ሥራውን ያበላሻል።

ሬዚን ሲጎድል የሚተካው አየር ነው። የአየር ኪሶች በድርብርቦቹ መካከል ይቀመጣሉ፤ ደርቡ ከደርብ እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ጥንካሬም ይበላሉ። ጀድ እና ራይት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 የብዙዎችን ሙከራ ሰብስበው ሲያዩ፣ የአየር ኪሱ እስከ 4 በመቶ ድረስ ባለው ክልል፣ በእያንዳንዱ 1 በመቶ አየር ይህ ጥንካሬ ወደ 7 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አገኙ። ሬዚኑም ሆነ ፋይበሩ የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ አዝማሚያው ተመሳሳይ ነበር። በቧንቧ ላይ ደግሞ ጉዳቱ በዓይን ይታያል፤ ግድግዳው ሳይፈነዳ፣ ሳይሰበር፣ ውሃው በአየር ኪሶቹ በኩል እየተንጠባጠበ ላብ ይመስላል።

ሸክሙ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሆንና ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሆን ያለውን ልዩነት ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የጋዝ ሲሊንደር ፋይበሩን ይወጥረዋል፤ የተወጠረ ቃጫ ሬዚኑ ትንሽ ቢጎድልም ሥራውን ይሠራል። ከባሕር በታች የሚሄድ ዕቃ ግን ፋይበሩን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ ቃጫ ከጎኑ የሚደግፈው ካጣ ይታጠፋል። ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ ታይታኒክ ስብርባሪ ስትወርድ የጠፋችው ሰርጓጅ ታይታን፣ አምስት ሰዎች የሞቱባት፣ ሰውነቷ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የካርቦን ፋይበር ሲሊንደር ነበር። ታይታኒክ ባለችበት 3,800 ሜትር ጥልቀት የውሃው ግፊት 380 ባር ገደማ ይደርሳል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ በተካሄደው የምርመራ መድረክ፣ የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መሐንዲስ ከሲሊንደሩ ሥራ በተገኙ ናሙናዎች ላይ የፋይበር መጨማደድና የአየር ኪሶች እንደታዩ አስረዱ። የአደጋው ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም፤ በንድፉ፣ በፍተሻውና በማረጋገጫው ላይ ብዙ ጉድለት ተገኝቷል። ግን በግድግዳ ውስጥ የተደበቀ አየር ምን ያህል ሊያሳስበን እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

አሁን ወደ ገንዳው እንምጣ። ፈትልን በሬዚን የማራስ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እኔ ዋና ዋናዎቹን ብቻ አነሳለሁ።

ቀላሉ መንከር ነው። ፈትሉ በገንዳው ውስጥ በበትሮች ሥር ያልፋል፤ ሲወጣ በሁለት ሮለሮች ወይም በመጥረጊያ መካከል ይጨመቃል። ርካሽ ነው፤ ፈትሉንም በደንብ ያርሰዋል። ችግሩ መጭመቂያው ነው። ሮለሩ በጥቂቱ ሲያልቅ ወይም ምንጩ ሲላላ ሬዚኑ ይጨምራል፤ ማንም ሳያስተውለውም ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ይቀጥላል። በእኔ ግምት፣ በየአገሩ ባሉ ትናንሽ ዎርክሾፖች ውስጥ ከሚታየው የሬዚን መዛባት አብዛኛው ከዚህች መጭመቂያ የሚነሣ ነው።

ሁለተኛው ከበሮ ነው። ከበሮው ግማሽ አካሉን ገንዳ ውስጥ ነክሮ ይሽከረከራል፤ በላዩ ላይ የሚቀረውን የሬዚን ሽፋን አንድ ምላጭ ይከረክመዋል፤ ፈትሉም በከበሮው ጀርባ ላይ ሲያልፍ ሽፋኑን ይጠጣል። ፋይበሩ ስለማይታሽ እምብዛም አይጎዳም። ነገር ግን ምላጩ ምን ያህል ስሱ እንደሆነ አስሉት። የጠቀስነው 2.4 ግራም ፈትል 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ይዞ ቢዘረጋና ሽፋኑን በሙሉ ቢጠጣ፣ ለአንድ ግራም ሬዚን የሚያስፈልገው ሽፋን ውፍረቱ 0.14 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በተግባር ፈትሉ ሁሉንም ስለማይጠጣ የምላጩ ክፍተት ከዚህ ይሰፋል። ቢሆንም አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ማለት የሬዚኑን መጠን በእጅጉ መለወጥ ነው። ስለዚህ ምላጩን በዓይን ግምት ማስተካከል አይቻልም፤ በክፍተት መለኪያ ቅጠል መለካት አለበት፣ በሁለቱም ጫፍ። በአንድ ጫፍ ብቻ የተለካ ምላጭ ግራ ያለውን ፈትል አስርቦ ቀኝ ያለውን ያሰክራል።

ሦስተኛውን እወደዋለሁ፤ ለስሌት ስለሚመች። ፈትሉ ከገንዳው ሲወጣ በተለካች ቀዳዳ ያልፋል። ቀዳዳዋ የምታሳልፈው ፋይበሩንና በዙሪያው ሊገባ የሚችለውን ሬዚን ብቻ ነው፤ የተረፈው ተመልሶ ወደ ገንዳው ይወርዳል። 12,000 ቃጫ ያለው የካርቦን ፈትል ሜትሩ 0.8 ግራም ይመዝናል። በእፍግታው ብናካፍለው የፋይበሩ ስፋት 0.444 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሆናል። ፋይበሩ 60 በመቶ እንዲሆን ከፈለግን የቀዳዳዋ ስፋት 0.74 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ዲያሜትሯም 0.97 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ዲያሜትሯ 1.00 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፋይበሩ ወደ 57 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በአገልግሎት ብዛት አልቃ 1.05 ከደረሰች 51 በመቶ። ካርቦን ፋይበር ብረትን ይበላልና ማለቋ አይቀርም። በዚያ ላይ የተበጣጠሱ ቃጫዎች ቀዳዳዋ አፍ ላይ እየተጠራቀሙ ይደፍኗታል፤ ፈትል ከፈትል የተጋጠመበት ቦታ ሲመጣም አታሳልፍም። ለዚህ ነው ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚተዋት። እኔ ግን መተው አለባት ብዬ አላምንም፤ ጠንካራ ማስገቢያ ያላት፣ ለሁለት ተከፍታ የምትጸዳ ቀዳዳ ይህን ችግር አብዛኛውን ትፈታዋለች።

አራተኛው ገንዳውን ጨርሶ ማስወገድ ነው። ፓምፕ ሬዚኑንና ማጠንከሪያውን ለየብቻ ይስባል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ያቀላቅላል፤ ፈትሉ የሚሄድበትን ፍጥነት እየተከተለ የሚፈለገውን ግራም ብቻ ያጠጣዋል። ባለ 2.4 ግራሙ ፈትል በደቂቃ 30 ሜትር ከሄደ ፓምፑ በደቂቃ 30 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ ፈትሉ ሲዘገይ ይዘገያል፣ ሲቆም ይቆማል። በገንዳ ውስጥ ቆሞ የሚወፍር ሬዚንም የለም። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከመንገዶቹ ሁሉ ግን የሬዚኑን መጠን በቀጥታ የሚያዝዘው ይህ ነው። ሌሎቹ የሚያዝዙት ክፍተትን ነው።

ሬዚኑን አስቀድሞ በፋብሪካ ውስጥ በፋይበሩ ላይ ለክቶ ማምጣትም ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ሰውነቱ የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው፤ አስቀድሞ ሬዚን የጠጣ የካርቦን ጥብጣብ በሚሽከረከር ግዙፍ ሻጋታ ላይ በማሽን ይለጠፋል። ልኩ የተጠበቀ ነው። ግን ጥብጣቡ እስከሚሠራበት ቀን ድረስ በማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ለተራ ቧንቧና ታንከር ይህ ወጪ አይመከርም።

መሣሪያው የትኛውም ይሁን፣ ሦስት ነገሮች ልኩን ሲያናጉት ይውላሉ። ፍጥነት አንዱ ነው። ላንዳው እና ሌቪች እ.ኤ.አ. በ1942 እንዳሳዩት፣ ከፈሳሽ ውስጥ ዝርግ ሳህን ስንስብ ይዞት የሚወጣው ሽፋን በፍጥነቱና በፈሳሹ ዝልግልግነት ይወፍራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሽፋኑ 1.6 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፈትል ዝርግ ሳህን አይደለም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ክፋቱ ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር ሬዚኑ ወደ ፈትሉ ልብ ለመግባት ጊዜ ያጣል። ከላይ ረስርሶ ከውስጥ ደረቅ የሆነ ፈትል በሚዛን ላይ ትክክለኛውን ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው ሚዛን ብቻውን የማይበቃው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ለጥምጠማ የሚመረጥ ሬዚን ዝልግልግነቱ ከውሃ በጥቂት መቶ እጥፍ ይጀምርና እስከ ሁለት ሺህ እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ ሲቀዘቅዝ በፍጥነት ይወፍራል። አዲስ አበባ ላይ በጥቅምት ማለዳና በእኩለ ቀን መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ብቻውን ያንኑ ሬዚን ሁለት የተለያየ ፈሳሽ ያደርገዋል። ማለዳ ላይ የተስተካከለ ምላጭ ቀትር ላይ ትክክል አይደለም። ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር ስንወርድ ችግሩ ይገለበጣል። በግምት በየ10 ዲግሪው የሬዚኑና የማጠንከሪያው ምላሽ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናልና፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ሬዚን ሥራው ሳያልቅ መወፈር ይጀምራል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ በደጋ ገንዳውን በሞቀ ውሃ መክበብና ሙቀቱን መቆጣጠር፣ በቆላ ደግሞ ሬዚኑን በትንሽ በትንሹ መቀላቀል ነው።

ስለ ደጋው አንድ ነገር ልጨምር፤ ከውጭ በመጡ መመሪያዎች ውስጥ እምብዛም ስለማይገኝ። የተጠመጠመውን ዕቃ በፕላስቲክ ሸፍነን በቫኪዩም ስንጠባው፣ ትርፍ ሬዚኑን የሚጨምቀው የአካባቢው አየር ክብደት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በሮተርዳም ወይም በዱባይ በቫኪዩም የሚገኘውን ጭመቃ እዚህ በዚያው ፓምፕ አናገኘውም። ትርፉን በኋላ እናወጣዋለን ብሎ ብዙ ሬዚን ማጠጣት ለእኛ ከሌሎች ይልቅ አያዋጣንም።

ሦስተኛው ውጥረት ነው። ፈትሉ ተወጥሮ ስለሚጠመጠም፣ የላይኛው ደርብ የታችኛውን ይጨምቃል። ሬዚኑ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ፋይበሩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ የሰመጠው ፋይበርም ውጥረቱ ይላላል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ስፕሪንገር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ሞዴል ይህን እንቅስቃሴ ከሙቀቱና ከሬዚኑ መጠንከር ጋር አያይዞ ያሰላል። በወፍራም ግድግዳ ላይ ውስጡ ሬዚን የተራበ፣ ውጩ ሬዚን የጠገበ ሊሆን ይችላል። ሻጋታውም ሬዚኑ ሳይጠነክር መሽከርከሩን ካቆመ ሬዚኑ ወደ ታችኛው ጎን ይወርዳል።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ሬዚን መቀነስ ጥሩ ነው የሚል እንዳይመስላችሁ። የአሲድ ቧንቧ ውስጣዊ ገጽ፣ ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር የሚሆነው፣ ሆን ተብሎ 90 በመቶ ገደማ ሬዚን ይደረጋል። ተራውን የብርጭቆ ፋይበር አሲድ ይበላዋልና፣ እዚያ ሥራው መሸከም አይደለም፤ መከለል ነው። ቀጥሎ ያለው ደርብ ሦስት አራተኛ ያህል ሬዚን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ነው ሸክሙን የሚይዘው ጥምጠማ የሚጀምረው። በአንድ ግድግዳ ውስጥ ሦስት ልክ አለ፤ ጠምጣሚው ሦስቱንም ማወቅ አለበት።

ታዲያ ትክክል መሥራታችንን በምን እናውቃለን? ከብርጭቆ ፋይበር ከተሠራ ዕቃ ትንሽ ቁራጭ ቁረጡ፤ መዝኑ፤ በ565 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ ሬዚኑ ተቃጥሎ እስኪያልቅ አቆዩት፤ እንደገና መዝኑ። 10 ግራም ገብቶ 7 ግራም ከወጣ፣ 70 በመቶው ፋይበር ነው። አሸዋ ወይም ኖራ መሰል መሙያ ያለበት ከሆነ እሱም አይቃጠልምና ለብቻው መቀነስ አለበት። ካርቦን ግን በአየር ውስጥ ራሱ ስለሚቃጠል ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ከማቃጠላችሁ በፊት ቁራጩን በውሃ ውስጥ መዝናችሁ እፍግታውን ካወቃችሁ የአየሩንም መጠን ታገኛላችሁ። 70 በመቶ ብርጭቆ የሆነ ግድግዳ አየር ከሌለበት እፍግታው 1.91 ነው። 1.85 ካገኛችሁ 3 በመቶ አየር አለ፤ ቀደም ሲል በጠቀስሁት ጥናት መሠረት የድርብርቦቹ መያያዝ አንድ አምስተኛውን ያህል አጥቷል።

ቁራጩን ግን ከአንድ ቦታ ብቻ አትቁረጡ። አማካይ ብዙ ይደብቃል። በአማካይ 30 በመቶ ሬዚን ያለው ቧንቧ በአንድ ጫፉ 24፣ በሌላው 36 ሊሆን ይችላል፤ የሚያፈሰው ደግሞ በጎደለው ጫፉ ነው። ከሁለቱ ጫፍና ከመሐል፣ ወፍራም ከሆነም ከውስጥና ከውጭ ውሰዱ። በሥራው መካከልም ፈትሉን አቁማችሁ ሻጋታው ላይ ከመድረሱ በፊት አንድ ሜትር እርጥብ ፈትል ቆርጣችሁ መዝኑ። ባለ 2.4 ግራሙ ፈትል ከሆነ 3.4 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ይህን ለማድረግ እስከ አንድ መቶኛ ግራም የሚለይ ሚዛንና መቀስ ብቻ ይበቃል።

በአገራችን በፋይበርግላስ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። ይህን ሚዛን ከገንዳው አጠገብ አስቀምጡ። ማለዳ፣ ቀትርና ማታ አንድ አንድ ሜትር መዝኑ፤ ቁጥሩን ከቀኑ ሙቀት ጋር በደብተር ጻፉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደግሞ ምድጃችሁን ክፈቱላቸው፤ ተማሪዎቻችሁን ከዎርክሾፖቹ ቁራጭ ይዘው እንዲመጡ ላኳቸው፤ ውጤቱንም ለሠራተኞቹ መልሱላቸው። ደብተሩ በተሞላ ቁጥር ማን በየትኛው ሰዓት ምላጩን መንካት እንዳለበት ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ።